«ኦፕሽናል» ስለሚባለው የሰመር ፉትቦል ልምምድ ለካውንቲያችን የስፖርት ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለምንኖርበት ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ቢሮ
ግልባጭ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ልጆቻችሁ ፉትቦል ለሚጫወቱ አበሻ ወላጆች በሙሉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይሄን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ቢሮአችሁ ብዙ ወረቀት በአማርኛ እየተረጎመ ስለሚልክልን ነው፣ አስተርጓሚ አላችሁ ማለት ነው፣ ደግሞም ሆዴ ውስጥ ያለውን በእንግሊዝኛ ስጽፈው ግማሹ ይቀርብኛል። ሌሎች ወላጆችም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። የልጄን ትምህርት ቤት ስም እዚህ አልጠራም፣ እንዲቀጣ የምፈልገው ሰው የለም፣ አሰራሩ እንዲስተካከል ነው የምፈልገው።

የ16 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ማታ ማታ እሰራለሁ። ልጄ ፉትቦል ይጫወታል፣ የአሜሪካኑን ማለቴ ነው፣ ላይንባከር ነው፣ የሚከላከሉት ወገን። መጀመሪያ ሲገባበት ጨዋታው ምንም አይገባኝም ነበር፣ ፉጨቱ ሲነፋ ሁሉም ተደራርበው ሲወድቁ ዓይኔን ነበር የምጨፍነው። አሁን ግን ዓርብ ማታ ጌም ካለ ሺፍት ቀይሬ እሄዳለሁ፣ ስሙ በማይክ ሲጠራ እልል ማለት ሁሉ ያምረኛል። ይሄን ያልኩት ጨዋታውን የጠላሁ እንዳይመስላችሁ ነው።

ጉዳዩ ይሄ ነው። በየዓመቱ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ከኮቹ ቴክስት ይመጣል፣ ሰመር ወርክአውት በሳምንት 4 ቀን፣ ኦፕሽናል ነው፣ የቻለ ይምጣ ይላል። እኔ ታዲያ የመጀመሪያውን ዓመት እንዳለ አመንኩት። ቤተክርስቲያን የልጆች ፕሮግራም ነበረ፣ ታናሽ እህቱን የሚጠብቅልኝም ሰው አልነበረም፣ ስለዚህ አንዳንድ ቀን አስቀረሁት። ነሐሴ ላይ ዋናው ልምምድ ሲጀመር ከስታርተርነት ወርዶ ሁለተኛ ሆኖ ጠበቀው። ኮቹን አንዱ ወላጅ ሲጠይቀው «ማንንም አልቀጣሁም፣ ግን ሰመሩን ሙሉ የመጡት ልጆች ፕሌዎቹን ያውቃሉ» አለ፣ ፕሌ የሚሉት የቡድኑን የጨዋታ ዕቅድ ነው። እውነቱን ነው፣ ያውቃሉ። ኮቹ ክፉ ሰው አይደለም፣ ልጄን በብዙ ነገር የረዳው ሰው ነው። ግን ልብ በሉልኝ፣ የተቆጠረ ነገር ኦፕሽናል አይባልም። እኛ ቤት አባት ልጁን ፊቱን ወደሱ ሳያዞር «እንደፈለግክ አድርግ» ካለው ልጁ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፣ አይነገረውም። የናንተ ኦፕሽናልም ለልጆቹ እንደዛ ነው የሚሰማቸው። ልጄም ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንድም ቀን አልቀርም ብሎ ማለ።

ባለፈው ሰኔ የሆነውን ልንገራችሁ። የሰመሩ ልምምድ ሁለተኛ ሳምንት ነበር። ጠዋት ከሥራ ስገባ ልጄ ወጥቷል። የሰኔ ጾም ላይ ነበርን፣ እሱ ደግሞ ዘንድሮ በደንብ እጾማለሁ ብሎ ሳይበላ፣ ውሃም ሳይጠጣ ነው የሄደው፣ እኔ አላወኩም፣ ኮቹም አላወቀም። ሜዳው አርቴፊሻል ሳር ነው፣ እሱ ደግሞ ከአየሩ በላይ ነው የሚግለው። ሩጫው ላይ እግሩን ኮማተረው፣ ከዛ አዞረው፣ አስመለሰው፣ ጓደኛው ሲያናግረው መልሱ ተምታታበት። ጥላ ስር አስቀመጡት። ትሬይነር፣ የተጫዋቾቹን ጤና የሚከታተለው ባለሙያ ማለቴ ነው፣ አልነበረም፣ ለምን ብዬ ስጠይቅ የትሬይነሩ ኮንትራት ለሲዝን ነው፣ ሰመር አይጨምርም ተባልኩ። በረዶ ይዛ የመጣችው የሌላ ልጅ እናት ናት፣ ለመጠጥ ብላ ኩለር ውስጥ ያመጣችውን በረዶ ነው አንገቱና ብብቱ ስር ያደረገችለት፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ልጄ ዳነ፣ ኢመርጀንሲ ሩም ግሉኮስ ተሰጥቶት ማታውን ተመለሰ። እኔ ግን ከዛ ቀን በኋላ ይሄን ነገር ማንበብ ጀመርኩ፣ ሥራ ላይ ሽማግሌዎቹ ሲተኙልኝ ስልኬ ላይ ሌላ ነገር አላነብም ነበር።

መጀመሪያ ያገኘሁት እዚሁ ደጃችን የሆነውን ነው። ጆርዳን ማክኔር። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች፣ 19 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 2018 ኮሌጅ ፓርክ ላይ ከሲዝን ውጪ በተደረገ ልምምድ 110 ያርድ እየደጋገሙ ሲሮጡ ሂት ስትሮክ መታው፣ ሰውነት ከልክ በላይ ሲግል የሚመጣው ማለት ነው። የሐምሌ ሐሩር እንኳን አልነበረም፣ ሜይ ነው፣ ልጆቹም ከእረፍት መመለሳቸው ነበር። ወዲያው በረዶ ውሃ ውስጥ መነከር ሲገባው አልተነከረም፣ አምቡላንስም ቶሎ አልተጠራም። ጁን 13 ሞተ። ዩኒቨርሲቲው በኋላ የሕግም የሞራልም ኃላፊነት አለብኝ ብሎ አመነ፣ በ2021 ለቤተሰቡ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፣ በዛው ዓመት ስቴቱ በልጁ ስም የሚጠራ ሕግ አወጣ። ሕጉ ግን ለኮሌጆች ነው። የኔ ልጅ ሃይስኩል ነው ያለው።

እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነገር መዳን የሚችል መሆኑ ነው። ኮሪ ስትሪንገር የሚባል የሚኒሶታ ቫይኪንግስ ፕሮፌሽናል ቡድን ተጫዋች በ2001 ልምምድ ላይ በሙቀት ከሞተ በኋላ በስሙ ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቋም ተከፍቷል፣ ሥራቸው ይሄንኑ ማጥናት ነው። ባለሙያዎቹ የሚሉት አጭር ነው፣ መጀመሪያ አቀዝቅዝ ከዛ ውሰድ። ልጁ በወደቀ በ30 ደቂቃ ውስጥ በረዶና ውሃ በሞላ ገንዳ ተነክሮ ሙቀቱ ከወረደ ሁሉም ማለት ይቻላል ይተርፋሉ። ገንዳው ደግሞ ልዩ የሆስፒታል ዕቃ አይደለም፣ እርሻ ላይ ከብት የሚያጠጡበት ዓይነት የፕላስቲክ ገንዳ ይበቃል። ሌላው የሚሉት፣ ሰውነት ሙቀቱን እስኪለምድ 14 ቀን አካባቢ ይፈልጋል፣ አደጋውም የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ለዚህ ነው በ2009 የትሬይነሮች ማህበር ባወጣው መመሪያ የመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ሄልሜት ብቻ፣ እስከ 5ኛው ቀን ሄልሜትና የትከሻ ፓድ፣ ከ6ኛው ቀን ጀምሮ ነው ሙሉ ትጥቅ የሚለው። ነሐሴ ላይ ዋናው ልምምድ ሲጀመር ትምህርት ቤቶቻችን ይሄን መንገድ ይከተላሉ፣ ትሬይነሩም አለ፣ ሙቀት መለኪያውም አለ። ጁን ላይ፣ ሰውነታቸው ምንም ሳይለምድ ልጆቹ ሲሮጡ ግን የለም። ምክንያቱም ኦፕሽናል ነው። ሙቀቱ ኦፕሽናል መሆኑን አያውቅም እኮ!

ታዲያ ሰመሩ ይቅር ነው የምትይው ልትሉኝ ትችላላችሁ። አይደለም። እሱንም አንብቤዋለሁ፣ ዓይኔም አይቷል። ልጄ ልምምድ ባልነበረበት የኮቪድ ጊዜ ክፍሉን ዘግቶ ጌም ሲጫወት ነው የከረመው፣ አሁን ሰመር ላይ በጊዜ ይተኛል፣ ዌይት ሩም ገብቶ ወገቡን ሳያጎብጥ እንዴት ክብደት እንደሚያነሳ ያስተምሩታል፣ ከማን ጋር እንደዋለ አውቃለሁ። ማታ ሠርታ ቀን ለምትተኛ እናት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞ ሳይዘጋጁ መግባትም ይሰብራል። በ2011 ኤንኤፍኤል፣ የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ውስጥ፣ የቡድን ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ ተጣልተው ከሲዝን በፊት ያለው የልምምድ ካምፕ እስኪደርስ ድረስ ተጫዋቾቹ ወደ ቡድናቸው ግቢ እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር፣ ከተመለሱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 12 ቀናት ብቻ 10 ሰው የአኪሊስ ጅማቱ ተበጥሷል፣ የተረከዙ ትልቁ ጅማት። ሚሊዮን የሚከፈላቸው፣ ሰውነታቸው ሥራቸው የሆነ ሰዎች ናቸው እነዚህ። የኔ ልጅ ሁለት ወር ሶፋ ላይ ተኝቶ ነሐሴ ላይ ድንገት ይሩጥ ብል እኔው ነኝ የምጎዳው። የጭን የኋላ ጡንቻን የሚያጠነክሩ ቀላል እንቅስቃሴዎች አሉ፣ ጓደኛ ቁርጭምጭሚት ይዞልህ ቀስ እያልክ ወደፊት የምትወድቀው ዓይነት፣ ያንን በደንብ የሰሩ ቡድኖች ላይ የዛ ጡንቻ ጉዳት ግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። እንዲህ ያለውን ጁን ላይ አስተምሩልን፣ ሲዝን ላይማ መች ጊዜ አለ።

ስለዚህ ጥያቄው ሰመር ላይ ይለማመዱ አይለማመዱ አይደለም፣ ምን ይሰሩ ነው። ጥቅሙ ሁሉ ያለው በጥንካሬው፣ በሩጫው ቀስ በቀስ መጨመር፣ ፕሌ በመማሩ ላይ ነው። አንዱም ግጭት አይፈልግም። እኛ ሜዳ ላይ ግን ባለፈው ሰመር ሁለት ሁለት ልጅ እያጋጠሙ በደረት የሚገፋፉበት ነገር ነበር፣ ልጄ «ታክል አይደለም ማሚ፣ ኮንታክት ብቻ ነው» ይለኛል፣ አንጣጣልም፣ እንነካካለን እንጂ ማለቱ ነው። ጭንቅላት ግን ስሙን አይጠይቅም። ስድስት ኮሌጆች ላይ 658 ተጫዋቾችን እየተከታተሉ የተሰራ ጥናት በ2021 ወጥቶ ነበር፣ ከኮንከሽኖቹ፣ ጭንቅላት ሲመታ አንጎል ላይ ከሚደርሰው ጉዳት፣ 72 ከመቶው የደረሱት በልምምድ ነው፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሲዝኑ ሳይጀመር ባሉት ሳምንታት፣ ያ ጊዜ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ብቻ ሆኖ ሳለ። እኛ ወላጆች ደግሞ የምንጨነቀው ለጌሙ ነው፣ ዓርብ ማታ ነው ጸሎት የምናበዛው፣ ማክሰኞ ከሰዓት ማን ያስባል።

ማስተካከል አይቻልም እንዳይባል ዊስኮንሰን አድርጎታል። በ2014 ሃይስኩሎቹ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ግጭት ከለከሉ፣ ሁለተኛውን ሳምንት በ75 ደቂቃ፣ ከዛ በኋላ በሳምንት በ60 ደቂቃ ገደቡት፣ ልምምድ ላይ የሚደርሰው ኮንከሽን ከግማሽ በታች ወረደ። ዳርትመዝ ኮሌጅ ከ2010 ጀምሮ ልምምድ ላይ ተጫዋች ተጫዋችን መጣል ጭራሽ አቁሟል፣ ቡድኑ አልፈረሰም፣ ሻምፒዮንም ሆኗል። 

ትልልቆቹ ጋ እንኳን ይሄ ኦፕሽናል ነገር አሟግቷል። ኤንኤፍኤል ላይ ኦቲኤ የሚሉት አለ፣ ፀደይ ላይ 10 ቀን፣ በፈቃደኝነት፣ ግጭት የተከለከለ፣ ፓድ የማይለበስበት። እንደዛም ሆኖ የዳላሱ ሾን ሊ በ2014 በዚሁ ልምምድ ከጓደኛው ጋር ተጋጭቶ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ዓመቱን ሙሉ አልተጫወተም። በ2021 የተጫዋቾቹ ማህበር አትሂዱ ብሎ ነበር፣ ያኔ ደግሞ የዴንቨሩ ጃዋን ጄምስ ከቡድኑ ግቢ ውጪ ሲለማመድ አኪሊሱ ተበጠሰ፣ ቡድኑ ውጪ ነው የተጎዳኸው ብሎ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚሆነውን የዓመቱን ደመወዙን ሊከፍለው አልፈለገም፣ አሰናበተውም። ከሄድክም አደጋ፣ ከቀረህም አደጋ። ግን እነሱ ማህበር አላቸው፣ ጠበቃ አላቸው፣ የተጻፈ ውል አላቸው፣ ደንብ የጣሰ ቡድንም ይቀጣል፣ ሲያትል በ2016 ኦቲኤ ላይ ግጭት በማብዛቱ 400,000 ዶላር ተቀጥቷል፣ አሰልጣኙ ለብቻው 200,000፣ በዛ ላይ የአምስተኛ ዙር ድራፍታቸውን፣ አዲስ ተጫዋች የሚመርጡበትን ተራ፣ ተነጥቀዋል። የ16 ዓመት ልጅ ማን አለው? እኔ ነኝ ያለሁት፣ እኔ ደግሞ ያልገባኝን ወረቀት ነው የፈረምኩት።

ስለ ወረቀቱም ልናገር። የሲዝኑ ፎርም በአማርኛ ደርሶኛል፣ እናመሰግናለን። የሰመሩ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ ያውም ልጄ ነው ስልኩ ላይ ከፍቶ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ያለኝ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳነበው አደጋ ቢደርስ ኃላፊነቱ የወላጅ ነው ይላል። ኢመርጀንሲ ሩሙ ቢል ልኮልኝ እስካሁን በየወሩ እየከፈልኩ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ኢንሹራንስ ይኑረው አይኑረው፣ ሰመርን ይሸፍን አይሸፍን፣ ጠይቄ ጠይቄ አንዱ ወደ ሌላው ሲልከኝ ተውኩት። ይሄን መልስ በጽሁፍ እፈልጋለሁ፣ እኔም ብቻ አይደለሁም የምፈልገው።

ከናንተ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ አይደለም። ልምምዱ ኦፕሽናል ነው ካላችሁ ሰመር የመጣና የቀረ ልጅ ስም ዝርዝር ለቦታ ውድድር እንደማይታይ ጽፋችሁ ለኮቾቹም ለወላጆችም ላኩ፣ ፕሌዎቹንም ነሐሴ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ለሁሉም እንደ አዲስ ያስተምሩ። አይ፣ መምጣት አለባቸው ካላችሁ ደግሞ ግዴታ ነው በሉና ግዴታ የሚጠይቀውን ሁሉ አሟሉ፣ በሁለቱ መሃል ያለችው ቦታ ናት ልጆቻችንን የምትጎዳው። ከሁሉ በፊት ግን ትሬይነር በሌለበት ማንም ልጅ አይሩጥ። ለሁሉም ትምህርት ቤት ሰመሩን ሙሉ ትሬይነር መቅጠር ካልተቻለ ሁለት ሦስት ትምህርት ቤት ቀን እየተካፈሉ አንዱን ይጠቀሙ፣ ትሬይነር የሌለበት ቀን ዌይት ሩም፣ ኤሲ ያለበት ይሁን። የበረዶ ገንዳው ልምምዱ ሳይጀመር ይሞላ፣ ልጅ ከወደቀ በኋላ በረዶ ፍለጋ አይሮጥ። ሙቀቱ ስልክ ላይ በሚታየው ዲግሪ አይለካ፣ እርጥበቱንም ፀሐዩንም ንፋሱንም አንድ ላይ የሚለካው መሣሪያ አለ፣ ነሐሴ ላይ ትጠቀሙበታላችሁ፣ ጁን ላይም አውጡት። የልብ ማስነሻ ማሽኑ፣ ኤኢዲው፣ ትምህርት ቤት ሕንጻ ውስጥ ተቆልፎበት ሳይሆን ሜዳው ዳር ይቀመጥ። ግጭት ደግሞ እስከ ነሐሴ በምንም ስም አይኑር።

አንድ ነገር ስለ ጾም። ይሄን ምናልባት ማንም ነግሯችሁ አያውቅም። እኛ ኦርቶዶክሶች ከጰራቅሊጦስ ማግስት እስከ ጁላይ 12 የሰኔን ጾም እንጾማለን፣ ከኦገስት 7 እስከ 21 ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ የሚጾሙት። ካላንደራችሁን አውጥታችሁ እዩት፣ የመጀመሪያው የሰመር ወርክአውታችሁ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ነሐሴ ላይ ዋናው ልምምድ የሚጀመርበት ሳምንት ላይ ቁጭ ይላል። አንዳንዱ ልጅ እስከ ቅዳሴ መውጫ ውሃም አይቀምስም። ሙስሊም ልጆቻችንም ረመዳን በሚውልበት ወቅት እንደዚሁ ናቸው። ኮቾቹ ይሄን ቢያውቁ ልጁን በማያሳፍር መንገድ ቀስ አድርገው ይጠይቁታል፣ ልጁ ፊት ለፊት ተነስቶ ጾም ላይ ነኝ አይልም፣ የኔው እንኳን ለኔ አላለኝም።

እናንተ ወላጆች፣ እህቶቼ ወንድሞቼ፣ በዚህ ላይ የኛም ድርሻ አለ። እኔ ጥፋቴን አውቃለሁ፣ ልጄ ምን በልቶ ምን ጠጥቶ እንደወጣ አልጠየኩም። የንስሐ አባታችን ጋ ሄጄ ስነግራቸው ልምምድ ባለበት ቀን ውሃ ይጠጣ፣ በጊዜ ይብላ፣ ከሥጋና ከወተት ይከልከል፣ ይበቃዋል አሉኝ፣ እናንተም ሄዳችሁ አማክሩ፣ አባቶች ይረዳሉ። ልጃችሁ ራሴን አመመኝ ካለ «ወንድ ልጅ ይችላል» አትበሉት። ጉብዝና ነው ብለን ነው የምንለው አውቃለሁ፣ አባቴም ይለን ነበር፣ ግን ኮንከሽን በጉብዝና አይወጣም፣ ያልዳነ ጭንቅላት ላይ ሁለተኛ ሲመታ ነው የሚብሰው። ሜዳውንም አንድ ቀን ሄዳችሁ እዩት። ኡበር የምትሰሩ ደግሞ ለአንድ ትሪፕ ስልኩን አጥፍታችሁ ጎራ በሉ፣ ትሬይነሩ የትኛው ነው፣ በረዶው የት ነው ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛ ባይሞላ ችግር የለውም፣ ጣት አለን፣ ገንዳው ካለ ይታያል።

ዘንድሮም ቴክስቱ መጥቷል፣ ኦፕሽናል ይላል። ልምምዱ የሚጀመረው ትምህርት በተዘጋ ሳምንት ነው፣ የሰኔ ጾምም ያኔ ገብቷል። ልጄን ልልከው ወስኛለሁ። የመጀመሪያው ቀን ከሥራ ወጥቼ ቤት ሳልገባ ቀጥታ ሜዳው ነው የምመጣው፣ ገንዳው መሞላቱን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ሄጄ እተኛለሁ።

አንዲት እናት፣ ሜሪላንድ